የማን ማኅበር ነው?

ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከሴቶች ጋር ቆማለች። «አባወራሽ ሐሙስ ሐሙስ ምን ውስጥ ነው የሚገባው? ደውለን ደውለን አጣነው» አሏት። «ማኅበር አለበት» አለች። አልዋሸችም። አንዲት እናት ግን ደስ ብሏቸው፣ «እሰይ! የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የጊዮርጊስ?» ብለው ጠየቋት። የምትለው ጠፋት። ማታ ስትነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነበር!

የኔ ማኅበር የጻድቅም የሰማዕትም አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚሰበሰቡ ጠጪዎች ማኅበር ነው። ያሰባሰበን ጽዋ ነው፣ ጽዋ ግን አይቀመስበትም። ቡና አለ። ያውም ቀጭን፣ ውኃ ውኃ የሚል፣ በወረቀት ኩባያ።

መጠጥ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ያለፍኩበትን ነው። ስሜን የማልጽፈው አፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ የማኅበሩ ደንብ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ከፓርኪንግ ጀመርኩ። የሌሊት ሺፍት፣ ጠባብ ዳስ፣ እግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ። አገር ቤት ሳለሁ ከጓደኛ ጋር ነበር የምጠጣው፤ ቢራ፣ በበዓል ጠላ፣ ሲገኝ ጠጅ። እዚህ ብቻዬን መጠጣት ለመድኩ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ «ለእንቅልፍ» ብዬ አንድ መለኪያ ቮድካ። መለኪያው ብርጭቆ ሆነ፣ ብርጭቆው ጠርሙስ ሆነ። ይኸው ነው።

ታሪክ ያለው መደበቁ ላይ ነው። እኛ ባለንበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው ካውንቲው ራሱ በከፈታቸው ሱቆች ብቻ ነው። ሱቆቹ ጥቂት ናቸው፣ ሐበሻው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ተሻግሬ ዲሲ እገዛለሁ። እዚያም ካሽ የሚቀበለኝ ልጅ ሐበሻ ሆኖ ቁጭ! «እንግዳ መጥቶብኝ ነው» እለዋለሁ። በሳምንት ስንት እንግዳ ይመጣል? ሱቆቹን በተራ መዞር ጀመርኩ። ጠርሙሱን የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ውስጥ፣ የክረምት ካፖርት እጅጌ ውስጥ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ከሽንት ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ለመደበቅ ያዋልኩትን ጭንቅላት ለትምህርት ባውለው ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዐቢይ ጾም ሲገባ ለማቆም ተሳልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ቅበላ ዕለት እስኪበቃኝ ጠጣሁ፣ ሰኞ ጠዋት የቀረውን ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። ሰኞ ማታ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ በላብ ሆንኩ። «ጾሙ ነው» አልኩ። ማክሰኞ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። የማስታውሰው የማቀዝቀዣውን መብራት ነው። ከዚያ ኩሽና ወለል ላይ ስነቃ ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ ባለቤቴ በጉልበቷ ተንበርክካ በስልክ ትጮኻለች፣ ልጄ በሩ ላይ ቆሟል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን፣ በድንገት ማቆም የለበትም። ሐኪሙ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ወደ ታች ይጫነዋል። አንጎል ደግሞ ላለመተኛት ወደ ላይ ይገፋል። ሁለት ሰው በር እየተገፋፋ አንዱ ድንገት ቢለቅ ሌላው በአፍጢሙ ይደፋል፤ እንደዚያ ነው። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል። እንደኔ ያለው መንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ያለበትን አለማወቅ ሊከተል ይችላል፤ እሱ ይገድላል። እኛ ዘንድ ይህን ያየ ሰው «ለከፈው» ይላል። ጠበሉንም ጸሎቱንም አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መጀመሪያ 911 ይደወል። የንስሐ አባቴ በኋላ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ አይደለም እንዴ?» ነው ያሉኝ።

ኢመርጀንሲ ክፍል ነርሷ መጠየቅ ስትጀምር ልጄ ሊያስተረጉም ጠጋ አለ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ግን የዚያን ዕለት ምላሴ አብጦ፣ ጭንቅላቴ ዞሮ እንኳን እንግሊዝኛ አማርኛውም ጠፍቶኝ ነበር። ነርሷ ልጁን በእጇ ያዝ አድርጋ፣ «አንተ አይደለህም፣ አንተ ልጁ ነህ» አለችው። ባለ ጎማ መቆሚያ ላይ የተሰካ ታብሌት ገፍታ አመጣች። የአንዲት ሴት ድምፅ በጥሩ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ» አለኝ። በዚያ ሁሉ መሃል የፈራሁት ምን ይመስላችኋል? እንዳታውቀኝ!

«በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«ሦስት አራት» አልኩ።

«በምን መለኪያ?»

ዝም አልኩ። ነርሷ ሌላ መንገድ ያዘች። ትልቁ ባለ እጀታ ጠርሙስ፣ ያ 1.75 ሊትሩ፣ ስንት ቀን ይቆያል አለችኝ። ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ «ሁለት ቀን» አለች። ለካ ታውቃለች። ለካ ስትቆጥር ነው የከረመችው። ነርሷ አሰላችው። አንዱ ጠርሙስ ወደ 39 መጠጥ ይወጣዋል፤ በቀን ወደ 20 መሆኑ ነው። በዚህ አገር ሐኪሞች መስፈርት ወንድ ልጅ በሳምንት 15 ከደረሰ ከባድ ጠጪ ይባላል። እኔ ያንን በአንድ ቀን ነበር የማልፈው።

የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ሁሉ፣ ሁሉም ነው ማለት ይቻላል፣ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛ ብትችሉም ጠይቁ። የታመመ ሰው የሚያመው በአማርኛ ነው። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት። ልጄ ያቺን «ሦስት አራት» ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ውሸቴንም አብሮ መተርጎም ነበረበት።

አራት ቀን ተኛሁ። በየጥቂት ሰዓቱ እየመጡ «እጅህን ዘርጋ» ይሉኛል፤ መንቀጥቀጡን ያያሉ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ብለው ይጠይቃሉ፣ በዚያ ልክ መድኃኒት ይሰጡኛል። በክንዴ በኩል ቪታሚን ቢ1 ገባልኝ፤ ብዙ የጠጣ ሰውነት ያጣዋል፣ ሲታጣም አንጎል ይጎዳል። በአምስተኛው ቀን ስወጣ አንዲት ሶሻል ዎርከር ስልክ ቁጥሮች ያሉበት ወረቀት ሰጠችኝ። አጠፍኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ከተትኩት። አንድ ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። የዳንኩ መሰለኝ። ሆስፒታሉ ያደረገልኝ መጠጡን ከሰውነቴ ማስወጣት ነበር። ያስጠጣኝ ነገር ግን አብሮኝ ነው ቤት የገባው። በግንቦት የዘመድ ልጅ ክርስትና ተጠራሁ። ሰውዬው ብርሌ ይዞ ፊቴ ቆመ። «አልጠጣም» አልኩ። «በሞቴ!» አለ። «ተው» አልኩ። «እኔን አፈር ስሆን! አንድ ብቻ!» እሱ ምን ያውቃል፤ የፍቅሩ ነው። ጠጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዲሲ ያለው ሱቅ በር ላይ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሁለት ሻንጣ በር አጠገብ ቆሟል። ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ እሻላለሁ። «ልጁ ትናንት ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ትተነፍስ እንደሆነ አየህ» አለችኝ። «ከዛሬ በኋላ አያይም።»

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ያንን ወረቀት ያወጣሁት። መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር 1-800-662-4357 ነበር። የመንግሥት መስመር ነው፤ በቀን 24 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በነፃ ይሠራል። ስምህ፣ ወረቀትህ፣ አሠሪህ ይሉኛል ብዬ ነበር። የጠየቁኝ የፖስታ ኮዴንና ኢንሹራንስ እንዳለኝ ብቻ ነው። እዚያው ስልኩ ላይ ሕክምና አይሰጡም፤ በአቅራቢያ ያለውን ቦታ ይጠቁማሉ። ኢንሹራንስ የሌለውንም እንደ ገቢው ወደሚያስከፍል ወይም መንግሥት ወደሚደጉመው ቦታ ይመሩታል። ጭንቀቱ ራስን ወደ ማጥፋት የሚገፋ ከሆነ ደግሞ 988 ነው የሚደወለው፤ እዚያ አስተርጓሚ ማግኘት ይቻላል።

የተጠቆምኩበት ቦታ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ከአማካሪ ጋር የምንቀመጥበት ነበር። መጀመሪያ ግን በሕክምና ቁጥጥር ሥር ሆኜ ነው ያቆምኩት፤ የኩሽናውን ወለል አልረሳሁም። ሐኪሟ የጉበት ምርመራ አድርጋ ናልትሬክሶን የሚባል ክኒን አዘዘችልኝ። ለአልኮል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሱስ አያስይዝም። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ማለትም የኦፒየም ዘር የሆነ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም፤ ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ለኔ ያደረገልኝ ቀላል ነው። ድሮ ቮድካው ይጠራኛል፤ አሁን የሚጠራው በሹክሹክታ ሆነ። ይህን ያህል ዘመን ስንጠጣ እንዲህ ያለ ክኒን መኖሩን የነገረኝ አንድም ሐበሻ የለም። እኔስ ለማን ነገርኩ?

የሕክምና መዝገቡም ያሳስባችሁ ይሆናል። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው ሕክምና የጠበቀ የፌዴራል ሕግ አለው። ያለ ፈቃዳችሁ ለአሠሪም ለዘመድም አይሰጥም። እንዲያውም ፋይሉን የሚያስከፍተው መጠጡ ነው፤ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፣ ዜግነት ሲያመለክትም ይጠየቅበታል።

የመጀመሪያውን ማኅበር የሄድኩት አማካሪዬ ስላስገደደችኝ ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ ሰዎቹ «ኤኤ» ይሉታል። ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ምድር ቤት ወረድኩ። ታጣፊ ወንበሮች፣ ያ ቀጭን ቡና፣ ሃያ የሚሆን ሰው። ጠበቃ የሚመስል አለ፣ ቀለም የተረጨ ቱታ የለበሰ አለ። አንዷ ተነሥታ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስታ መጠጥ ቤት እንዳመሸች ተናገረች። ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። እኛ ብንሆን «እግዚኦ!» እንል ነበር። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ አመሰገኗት፣ ቀጣዩ ቀጠለ።

መመዝገቢያ የለም። ክፍያ የለም፤ ዘንቢል ይዞራል፣ አንድ ዶላር ያለው ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል። መስፈርቱ አንድ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። የሚጠራሩት በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ነው፣ እዚያ ያዩትን ሰው ውጭ አያወሩም። እኔ ስሜን የማልጽፈው ለዚህ ነው። ይሉኝታ ለሚገድለው ሐበሻ ከዚህ የተሻለ ደንብ ማን ይሠራለታል? እግዚአብሔርን ይጠቅሳሉ፣ ግን «አንተ እንደምታውቀው» ይሉሃል። እኔ በማተቤ ነው የምቀመጠው። ሙስሊም ወንድሞችም አብረውን አሉ። ጨርሶ ከእምነት ጋር ያልተያያዘ የሚፈልግ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይሠራል። ሌላ ዕፅ የያዘው ናርኮቲክስ አኖኒመስ አለው።

ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት። ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ለሥራ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ሥራው ይከሽፍበታል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከባሩ የሚመጣውን ጫጫታ ይሰማል። ገብቶ እንደሚጠጣ ገባው። ከባሩ ፈንታ ስልኩ ጋ ሄዶ ለአብያተ ክርስቲያናት መደወል ጀመረ፤ የሚፈልገው ካህን አይደለም፣ ሌላ ጠጪ ነው። አገናኙት። ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ተቀምጦ ከስድስት ሰዓት በላይ አወሩ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በፈረንጆቹ ሰኔ 10 ቀን ነው ይባላል፣ ማኅበሩም ልደቱን ከዚያ ይቆጥራል። እኛ አገር ጣሊያን ሊገባ አራት ወር ሲቀረው መሆኑ ነው። እኔን የገረመኝ አንደኛው ሌላኛውን ሊመክር አለመሄዱ ነው። ራሱ እንዳይጠጣ ነው የሄደው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ «ስፖንሰር አለህ?» አሉኝ። «አዎ፣ አጎቴ ነበር፣ ግን ጉዳዩ አልቋል፣ አሁን ዜጋ ነኝ» አልኳቸው። ስቀው ሊሞቱ! ስፖንሰር የሚሉት ለካ ቀደም ብሎ ያቆመ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚደወልለት ሰው ነው። እሳቸው ሆኑልኝ። መጀመሪያ ያሉኝ፣ «ለዘላለም አቆማለሁ አትበል። ዛሬ አትጠጣ። ነገ ደውልልኝ» ነው። ደወልኩ። ዛሬም እደውላለሁ።

ልጄ አሁን ኮሌጅ ነው፣ ነገር ሁሉ በማስረጃ ካልሆነ አያምንም። «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ እናንተ ብቻ ናችሁ የምትሉት?» ብሎ ፈለገ። ኮክሬን የሚባል የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2020 ያወጣውን አገኘ። 27 ጥናት፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው። ወደ ማኅበሩ በሥርዓት የሚመራ ሕክምና፣ ጨርሶ በማቆም በኩል ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚሻል ያሳያል። «እሺ፣ ቀጥል» አለኝ። ፈቃድ ሰጠኝ ማለት ነው።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ።

ከቤት ከወጣሁ በኋላ አምስት ሌሊት መኪና ውስጥ ነው ያደርኩት። ዘመድ ቤት ብሄድ መጠጥ አለ፣ ጥያቄም አለ። አማካሪዬ፣ «ኦክስፎርድ ሃውስ አመልክት» አለችኝ። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች የሚኖሩበት ማረፊያ ሊዘጋባቸው ሲል፣ ነዋሪዎቹ «ቤቱን ራሳችን እንከራይ» ብለው ጀመሩት። ዛሬ በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች አሉ። ጠባቂ የለ፣ ሐኪም የለ፣ አለቃ የለ። ተራ የኪራይ ቤት ነው፤ ከውጭ ስታዩት የማንም ቤት ይመስላል። ለመግባት ነዋሪዎቹ ቃለ መጠይቅ ያደርጉላችኋል፣ ከመቶ 80 የሚሆነው ካልደገፈ አትገቡም። ሁሉም የድርሻውን ኪራይ ይከፍላል። የጠጣ ወይም ዕፅ የወሰደ ይወጣል፣ ድርድር የለም።

ስምንት ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ጠየቁኝ። «ቤቱ ውስጥ ምን ልትሠራ ትችላለህ?» አለኝ አንዱ። «ወጥ እሠራለሁ» አልኩ። ያ ነው ያስገባኝ ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ሰኞ ሰኞ ማታ ስብሰባ አለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ያለፈው ቃለ ጉባዔ ይነበባል። ሳህን ያላጠበ ይወቀሳል። መዋጮ ያዘገየ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሰኞ ላይ ሳቄ መጣ። ይሄ እድር ነው! አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር፤ ያ ጠርዙ የተላጠ መዝገብ፣ ያ «አቶ እገሌ ሁለት ወር ውዝፍ አለበት» የሚለው ድምፅ ትዝ አለኝ። ሰባት ሺህ ማይል አቋርጬ መጥቼ ፈረንጅ እድር ውስጥ ገባሁ።

በአራተኛው ወር ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። እኔን! የእቁብ ዕጣ ወስዶ የጠፋውን! አዎ፣ ይህንንም አድርጌአለሁ። ከፓርኪንግ ልጆች ጋር እቁብ ነበረን። ዕጣዬ ቀድሞ ወጣ፣ በላሁት፣ መክፈል አቆምኩ፣ ስልክ አላነሳም አልኩ። ሰብሳቢው ከኪሱ ሞላው። እኛ ዘንድ ሰው ገድሎ ከመሸሽ አይተናነስም። እና እነዚህ የማያውቁኝ ስምንት ሰዎች የኪራዩን ቼክ ደብተር አቀበሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት። በየሳምንቱ ሳንቲም ሳትጎድል ሳነብ፣ ድምፄ የአባቴን ድምፅ መምሰል ጀመረ።

ኤኤ ውስጥ ከ12ቱ ደረጃዎች አንዱ የበደልከውን ሰው ሄደህ መካስ ነው። የእቁቡን ሰብሳቢ ፈልጌ አገኘሁት። ያለብኝ 3,400 ዶላር ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ብዙ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። አላስጨረሰኝም። «በወር ስንት ትችላለህ?» አለ። «ሁለት መቶ» አልኩ። «እሺ» አለና ስልኩ ላይ ጻፈ። በ17 ወር ጨረስኩ። የመጨረሻውን ቀን ምሳ ጋበዘኝና፣ «እኔ እኮ ሞተሃል ብዬ ነበር» አለኝ።

በዘጠነኛው ወር ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ባለቤቴ ወዲያው አላመነችኝም፣ ማመንም አልነበረባት። እሷም አል-አኖን የሚባል የራሷ ማኅበር አላት፤ ለጠጪ ቤተሰቦች ነው። የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከጀመሩት አንዷ ናት። እዚያ የተማረችውን ስትነግረኝ፣ «እኔ አላመጣሁብህም፣ እኔ አልቆጣጠረውም፣ እኔ አላድንህም» ነው ያለችኝ። መጀመሪያ ስሰማው ከፋኝ። ቆይቼ ሳስበው፣ ያን ሁለት ሻንጣ በር ላይ ያቆመችው ይህን ባወቀች ማግስት ነው። ጠርሙስ ስትቆጥር የኖረችው ሴት መቁጠር አቁማለች።

የድግሱን ነገር እንዴት እንደምወጣው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «አልጠጣም» ለሐበሻ መልስ አይደለም፤ የልመና መጀመሪያ ነው። «አቁሜአለሁ» ካልክ ደግሞ ምክንያቱን ሲመረምሩህ ያመሻሉ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» በል። ወዲያው ብርሌው ይመለሳል፤ የሚለምንህ ሰው ዞሮ ሌላውን «ተዉት፣ መድኃኒት ላይ ነው» እያለ ይጠብቅልሃል። በራስህ መኪና ሂድ፣ ሲከፋህ እንድትወጣ። እጅህ ባዶ አይሁን፣ አምቦ ውኃ ያዝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አደረገችልኝ። ሠርጓ ላይ ማንም ሳይጠይቃት ብርሌ ሞልታ አመጣችልኝ። ቀለሙ ጠጅ። ደነገጥኩ። ጎንበስ ብላ፣ «ብርዝ ነው፣ ለአንተ ለብቻ ነው የበረዝኩት» አለችኝ። ማርና ውኃ። ጌሾ አልነካውም። እንደዚያ ያለ ነገር ጠጥቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ወንድም እህት ያላችሁም ትደውሉልኛላችሁ። እዚያ አማኑኤል ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ዶላር መላክ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ አብሮት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፈልጉለት። እኔ ለአንድ ዘመዴ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላኩለት፤ የት እንደገባ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ወደ ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከባለቤቴ ጋር ከቆሙት ሴቶች አንዷ ናት። ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ፣ ስለ ብርዱ አወራችኝ፣ ስለ እንጀራ ዋጋ አወራችኝ። ከዚያ ዝም አለች። የመኪና ሞተር ድምፅ ይሰማኛል፤ እሷም መኪናዋ ውስጥ ናት ማለት ነው።

«ያ ማኅበር . . .» አለች።

«እ?»

«ሴት ይገባል?»

የሴቶች ብቻ የሆነም አለ አልኳት። የመጀመሪያ ቀን ልጇን ከትምህርት ቤት ማምጣት እንደረሳች ስትናገር የሰማኋትን ሴት አስፈቅጄ ስልኳን ሰጠኋት። ልማዳችን ነው፤ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት። በየቀኑ እንደምትጠጣ ስትነግረኝ ደግሞ፣ ሐኪም ሳታይ በራሷ እንዳታቆም አስማልኳት። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ዘወትር ማክሰኞ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ችግር ብቻ አለ አለችኝ በቀደም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እኚያ እናት ይዘዋታል፤ «አንቺም ማኅበር ገባሽ አሉ፣ የማን ነው?» ብለው።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ቡና እንጂ ጠላ የለውም አልኳቸው።»